ፋይበር ወደ መንደራችን ሊገባ ነው፤ ምን ላዘጋጅ?

ጠያቂያችን የሚኖሩት ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከጎጃም መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ባለ መንደር ነው። የወተት ላሞች ያረባሉ። ግቢያቸው ውስጥ ዋናው ቤትና ከበስተጀርባው አራት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ ሁለቱን አከራይተዋል። ቤተሰቡ እስካሁን የሚጠቀመው በሞባይል ዳታ ነው። ሰሞኑን በመንደሩ ምሰሶ ተተክሎ ገመድ ተዘርግቷል፤ «ፋይበር ነው፣ ተመዝገቡ» ተብለዋል። ወንድ ልጃቸው የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበረ ውጭ አገር ላሉ ደንበኞች ይልካል፤ ሴቷ ልጃቸው በኢንተርኔት ትማራለች። የጠየቁት አራት ነገር ነው፤ የስንት ሜጋ ልግዛ? ከከተማ ስለራቅን ፍጥነቱ አይቀንስብንም ወይ? መብራት ሲጠፋስ ይሠራል? ለተከራዮቼስ ባካፍል ችግር አለው?

የሜጋውን ጉዳይ ለመጨረሻ ላቆየው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚያ ላይ ነው፤ ነገር ግን በእርስዎ ቤት ኢንተርኔቱ ጥሩ ወይም መጥፎ መሆኑን የሚወስነው የገዙት ጥቅል አይሆንም። ፋይበሩ እስከ ግድግዳዎ ድረስ ሥራውን በደንብ ይሠራል። የሚበላሸው ከግድግዳው ወዲህ፣ እርስዎ ግቢ ውስጥ ነው፤ ካልሆነም መብራቱ ላይ ነው። ስለዚህ ብርዎን ከፈሉ አይቀር እዚያ ላይ ይክፈሉት።

ስለ ርቀቱ አይስጉ። ይህ ስጋት የመጣው ከድሮው የመዳብ የስልክ መስመር ነው፤ ትክክልም ነበር። በመዳብ የሚመጣው ኢንተርኔት ከማዕከሉ፣ መስመሩ ከሚነሳበት የቴሌኮም ጣቢያ፣ አጠገብ ላለ ቤት እስከ 24 ሜጋ ሊደርስ ይችላል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲርቅ ግን ከነጭራሹ ሊጠፋ ይደርሳል። ፋይበር ብርሃን ነው፤ በመስታወት ክር ውስጥ የሚሄድ። ወደ ቤት በሚገባው የተለመደ ዓይነት፣ ባለሙያዎች ጂፖን በሚሉት፣ ከማዕከሉ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ያለ ቤት አጠገቡ እንዳለ ቤት ያንኑ ፍጥነት ያገኛል። ሱሉልታ ከተማ ያለ ሰውና እርስዎ መንደር ያለ ሰው በፍጥነት አይበላለጡም። መዘግየቱም ቢሆን ከቁጥር አይገባም፤ ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 20 ኪሎ ሜትር የሚጨምረው የአንድ ሚሊ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ልጅዎ ከውጭ ደንበኞቹ ጋር በቪዲዮ ሲያወራ የሚሰማው መዘግየት የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገሮች፣ በጅቡቲና በኬንያ በኩል ወጥቶ ነው ከባሕር ውስጥ ገመድ የሚገናኘው፤ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶ ለመመለስ ብርሃን ራሱ 100 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። ያንን የትኛውም ጥቅል አይቀንሰውም።

መንደርዎ እስካሁን የቆየበት ምክንያት ፍጥነቱ ሳይሆን ቁፋሮውና ምሰሶው ነው። ዋናው ገመድ አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ የጎጃሙ በሱሉልታ፣ የደሴው በለገጣፎና በሰንዳፋ፣ የአምቦው በቡራዩ፣ የጅማው በሰበታ። አስፋልት ዳር ያለ ሰው ቶሎ ያገኛል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ገባ ያለው ይጠብቃል። ለጥቂት አባወራ ያን ያህል ገመድ መዘርጋት ስለማያዋጣ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲመዘገብ ሥራው የሚፈጥነውም ለዚሁ ነው፤ ዕድራችሁ ስም ዝርዝር ይዞ ቢቀርብ ከተናጠል ልመና ይሻላል።

እርስዎ ባይጠይቁትም ብዙ ሰው የሚያነሳው ሌላ ጥያቄ አለ፤ መስመሩን ጎረቤት ከጎረቤት ይካፈላል ወይ? አዎ ይካፈላል። ከማዕከሉ የሚመጣው አንድ ክር መንደር ውስጥ ባለች ትንሽ ሳጥን፣ ስፕሊተር በሚባለው፣ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፈላል። ሳጥኗ መብራት አያስፈልጋትም፤ ብርሃኑን ብቻ ነው የምትከፋፍለው። በአንድ ክር ወደ እናንተ የሚወርደው ጠቅላላ አቅም ወደ ሁለት ጊጋ ተኩል ነው፤ ወደ ላይ የሚሄደው ደግሞ የዚያ ግማሽ። 32 ቤት ሁሉ በአንድ ሰከንድ እኩል ቢስብ እንኳ ለአንድ ቤት 77 ሜጋ ገደማ ይደርሳል። 32ቱም ቤት እኩል የሚስብበት ቅጽበት ደግሞ የለም። የሞባይል ዳታ ማታ ማታ የሚያዘግምብዎ አንድን ማማ ብዙ ሺህ ስልክ ስለሚሻማው ነው፤ በፋይበር መንደር ውስጥ ያለው መጋራት ያንን አይመስልም። ማታ ላይ ከቀዘቀዘ ምክንያቱ ከማዕከሉ ወዲያ ያለው መንገድ ወይም የራስዎ ዋይፋይ ነው።

የሚገጥሙት ልጆች ሲመጡ አንድ ነገር ይጠይቋቸው፤ «ብርሃኑ ስንት ደረሰ?» ይበሏቸው። የሚለኩበት እጅ ላይ የምትያዝ መሣሪያ አለቻቸው፤ ቤትዎ ላይ የሚታየው ቁጥር ከዜሮ በታች ነው፣ በዲቢኤም፣ የብርሃን ጉልበት በሚለካበት መለኪያ። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ብርሃኑ ጠንካራ ነው፤ በሦስት በወረደ ቁጥር ግማሹ ጠፍቷል ማለት ነው። እንደ እርስዎ ላለ ቤት ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ ከማዕከሉ ከዜሮ በላይ ሦስት ገደማ ሆኖ ይወጣል፤ ለ32 የሚከፍለው ሳጥን 17 ይወስዳል፤ ስምንት ኪሎ ሜትር ገመድ ወደ ሦስት፤ መጋጠሚያዎች ደግሞ ሁለት ገደማ ይወስዳሉ። ቤትዎ ሲደርስ ከዜሮ በታች 19 አካባቢ ይሆናል፤ ይህ ጥሩ ነው። እስከ 24 ድረስ አይጨነቁ። ከዜሮ በታች 26 ወይም 27 ከሆነ ግን፣ ዛሬ ቢሠራም፣ አንድ መጋጠሚያ ትንሽ አቧራ ሲገባበት ይጠፋል። «ይሠራል እኮ» ቢሏችሁም አይፈርሙ፤ የሆነ ቦታ የተጣመመ ወይም የቆሸሸ ነገር ስላለ አጽድተው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጻፉት። ከዓመት በኋላ ብልሽት ሲያመለክቱ «ሲገባ 19 ነበር፣ አሁን 25 ሆኗል» ካሉ፣ «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ከሚደውል ሰው በፊት ጆሮ ያገኛሉ።

ገመዱ ቤት ውስጥ ሲገባ በበር ስንጥቅ እንዳይጨፈለቅ፣ በሚስማር እንዳይቸነከር፣ ጥግ ላይ በጥብቅ እንዳይታጠፍ። ከስኒ አፍ ጠበብ ባለ ክብ አይጠቅልሉት። አረንጓዴዋን መሰኪያ ነቅለው አይንፉባት፤ የአፍ እርጥበት ያበላሻታል። ጫፏ ውስጥም አይመልከቱ፤ ብርሃኑ ለዓይን የማይታይ ሌዘር ነው። ልጆች ካሉ ይንገሯቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ገጣሚዎቹ መሣሪያውን፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ሣጥን፣ የሚያስቀምጡት ለእነሱ በሚቀርባቸው ቦታ ነው፤ ገመዱ በገባበት መስኮት ሥር፣ ወይም ሳሎን ቴሌቪዥኑ ጀርባ። አይፈረድባቸውም፤ በቀን ብዙ ቤት አለባቸው። ግን ያ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ አንድ ጫፍ ነው፤ ግማሹ ዋይፋይ ለመንገደኛና ለላሞቹ ይሰራጫል። ከመምጣታቸው በፊት የቤቱን መካከል ይምረጡ፤ ከፍ ያለ፣ ከፍሪጅና ከትልቅ መስታወት የራቀ፣ ሶኬት ያለው ቦታ። ኮርኒስ ላይ ቀዳዳ አስቀድሞ ካለ ገመዱን እስከዚያ ያመጡታል። አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ግን ቡና ቢፈላላቸውም አያደርጉት።

ሰርቪሶቹ ከዚህ ይለያሉ። ጥያቄዎ ላይ የኋላ ክፍሎቹ ግድግዳ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ቆርቆሮ ነው ብለዋል። ቆርቆሮ ለዋይፋይ ግንብ ማለት ነው፤ ብረት ስለሆነ ሞገዱን መልሶ ይወረውረዋል። ጭቃ ግድግዳ ሲደርቅ ያሳልፋል፤ ክረምት ላይ እርጥበት ሲጠጣ ያንቀዋል። ብሎኬት በመካከላቸው ነው። ስለዚህ ዋናው ቤት ውስጥ ያለው አንድ መሣሪያ፣ የቱንም ያህል አንቴና ቢኖረው፣ ለኋላ ክፍሎቹ አይደርስም። ሱቅ ላይ «ግድግዳ ይበሳል» እየተባለ የሚሸጥ ራውተር አለ፤ ቆርቆሮ የሚበሳ ራውተር አልተሠራም። ሶኬት ላይ የሚሰካውን ትንሽ ማራዘሚያም ለዚህ አልመክርም፤ የደከመውን ዋይፋይ ተቀብሎ የደከመ ዋይፋይ ነው የሚያሰራጨው፣ ያውም ፍጥነቱን በአብዛኛው ገምሶ።

የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዋናው መሣሪያ ገመድ ስቦ ሰርቪሱ ውስጥ ሁለተኛ ዋይፋይ መትከል። ሁለተኛው ውድ መሆን አያስፈልገውም። የኔትወርክ ገመዱ ግን ያስፈልገዋል። መርካቶ ላይ ርካሽ ሆኖ የሚሸጠው አብዛኛው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ጫፉን በቢላ ፈቅፈው ያዩት፣ ውስጡ ከነጣ ይመልሱት። ሙሉ መዳብ የሆነውን፣ ለውጭ የሚሆን ጥቁር ልባስ ያለውን ይውሰዱ፤ ነጭና ግራጫው ፀሐይ ላይ ሁለት ዓመት አይቆይም። እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል፤ የእርስዎ ግቢ ሩቡም አይደለም።

እዚህ ላይ ግን መብረቅ አለ። እናንተ ያላችሁት ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከፍታ ላይ ነው፤ የክረምቱን ነጎድጓድ ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። ፋይበሩ ራሱ መስታወት ስለሆነ መብረቅ አያመጣም፤ ከድሮው የስልክ መስመር የሚለይበት ትልቁ በረከቱ ይህ ይመስለኛል፣ ማንም አያወራለትም እንጂ። ነገር ግን ከምሰሶ ወደ ቤት በሚመጣው ገመድ ጎን እንዲሸከመው የገባ የብረት ሽቦ አለ። ያ ሽቦ ውጭ መንጠቆው ላይ መቅረት አለበት፤ ተላቆ ተቆርጦ፣ ፋይበሩ ብቻ ነው የሚገባው። ሳይለዩ አንድ ላይ ሲያስገቡት ካዩ ያስቁሟቸው። ሁለተኛው ደግሞ አሁን ያልኩዎ ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ የሚሄደው መዳብ ነው። በሁለት ቤት መካከል በአየር ላይ የተወጠረ መዳብ አጠገብ መብረቅ ቢወድቅ፣ ሁለቱም ጫፍ ያለውን መሣሪያ ይዞት ይሄዳል። መሬት ውስጥ በፕላስቲክ ቱቦ ቅበሩት። ትንሽ ጨምረው መክፈል ከቻሉ ደግሞ በሁለቱ ቤቶች መካከልም ፋይበር ያድርጉት፤ ለዚህ የሚሆኑ ሁለት ትንንሽ መቀየሪያዎች አሉ፣ ኔትወርክ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ያውቃቸዋል። እኔ ሱሉልታ ብኖር ያንን ነበር የማደርገው። እስከዚያው ነጎድጓድ ሲጀምር ከሶኬት መንቀልን የሚያህል ነገር የለም።

መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ? መስመሩ ይሠራል። ከማዕከሉ እስከ ቤትዎ ድረስ መሐል ላይ መብራት የሚፈልግ ነገር የለም፤ ማዕከሉ ደግሞ ባትሪና ጄኔሬተር አለው። የሚጠፋው የእርስዎ መሣሪያ ነው። ያቺ ሣጥን ደግሞ የምትጠጣው ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹ 12 ቮልት ናቸው፣ ከአሥር ዋት ብዙም አይርቁም። ለእሷ የሚሆኑ ትንንሽ ባትሪዎች፣ «የራውተር ዩፒኤስ» እየተባሉ ይሸጣሉ። ሲገዙ አንድ ማታለያ አለ። ላዩ ላይ 8800 ወይም 10 ሺህ ሚሊ አምፔር ሰዓት ይላል፤ ቁጥሩ የተጻፈው ግን ውስጥ ላሉት 3.7 ቮልት ባትሪዎች ነው። በ3.7 ሲያባዙት 8800 ማለት ወደ 32 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ለአሥር ዋት መሣሪያ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አንዳንዱ ስለሚባክን ከዚያም ያነሰ። ለእናንተ አካባቢ መቆራረጥ ይህ ካነሰ፣ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነችው የማንቂያ ደወል ባትሪ ከነቻርጀሯ ትሻላለች፤ 84 ዋት ሰዓት ናት፣ ግማሿን ብቻ ቢጠቀሙ እንኳ አራት ሰዓት ትሰጣለች። መሰኪያው መጠኑ ልክ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ፖዘቲቩ ውስጥ ይሁን ውጭ ያረጋግጡ። ሰርቪሱ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ዋይፋይም የራሱን ባትሪ ይፈልጋል፤ ይህን ሰዎች ይረሱታል።

መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ በከፍተኛ ጉልበት የሚመጣበት ጊዜም አለ። ከላሞቹ ውሃ መሳቢያ ፓምፕ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ አይሰኩት።

ተከራዮቹን በተመለከተ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ላለ ሰው የይለፍ ቃል መስጠትና ኢንተርኔት መሸጥ ይለያያሉ። የቴሌኮም አገልግሎት ለሌላ በክፍያ ማቅረብ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው የሚሰጠው። በአጥር ላይ ገመድ አሳልፎ ለጎረቤት በወር ሒሳብ ማስከፈል የዚህ ዓይነት ነገር ነው፤ አይግቡበት። የሚፈርሙት ውልም ስለ ማካፈል የሚለው ስለሚኖር ከመፈረምዎ በፊት ያንን አንቀጽ ያንብቡ። ለተከራዮችዎ ከሰጡ ደግሞ የእንግዳ የሚባለውን የተለየ ዋይፋይ ይክፈቱላቸው፤ መሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ አለ። እነሱ የእርስዎን ኮምፒውተሮች አያዩም፤ ፍጥነታቸውንም መወሰን የሚቻልበት መሣሪያ ከሆነ ልጅዎ ሥራ ሲልክ አይሻሙትም። መስመሩ በስምዎ ስለሆነ በእሱ የተደረገ ነገር መጀመሪያ የሚጠየቁበት እርስዎ መሆንዎንም አይርሱ። ሰው ሲለቅ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ።

ስለ መቆረጥ ጥቂት ልበል። እንደ እናንተ ባሉ መንደሮች ፋይበር የሚቆረጠው በሦስት ነገር ነው፤ በባሕር ዛፍ፣ በቁፋሮና በሌባ። ምሰሶው አጠገብ ያለውን ባሕር ዛፍ ባለቤቱ ሲቆርጥ ወደ የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ይታይ። የውሃ ቧንቧ ወይም የመንገድ ቁፋሮ ሲጀመር አንድ ሰው ሄዶ ገመዱ በየት እንዳለፈ ለዶዘሩ ሹፌር ያሳየው፤ አዲስ ግንባታ በበዛበት ዳርቻ ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሌባው ደግሞ መዳብ መስሎት ነው የሚቆርጠው፤ ቆርጦ ሲያየው መስታወት ነው፣ ጥሎት ይሄዳል፣ እናንተ ግን ለቀናት ትቀመጣላችሁ። «በዚህ ገመድ ውስጥ መዳብ የለም» ብሎ በምሰሶው ላይ መለጠፍ ቀልድ አይደለም። መሣሪያው ላይ ቀይ መብራት ከበራ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፤ ማጥፋትና ማብራት አይፈታውም፣ ጎረቤትም ቀይ ከሆነበት መስመሩ ነው፣ ለአቅራቢዎ ይደውሉ (የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994)። ቀዩ ሳይበራ ኢንተርኔት ከሌለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ አጥፍቶ ማብራት ተገቢ ነው። የሞባይል ሲምዎን ግን አይጣሉት፤ ለሴት ልጅዎ የፈተና ቀን መጠባበቂያ ነው።

አሁን ሜጋው። አንድ ጥሩ ጥራት ያለው ፊልም አምስት ሜጋ ያህል ይወስዳል፤ የቪዲዮ ትምህርት ከሦስት እስከ አራት። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ክፍለ ትምህርት፣ የተከራዮች ስልክ ተደምሮ ከ20 ብዙ አያልፍም። ቤትዎን የሚወስነው የልጅዎ ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያወርድ ሳይሆን የሚጭን ነው። አሥር ጊጋ ባይት የሆነ የሠርግ ቪዲዮ በአሥር ሜጋ ሲላክ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል፤ በአምስት ሜጋ አራት ሰዓት ተኩል። (የጥቅሉ ሜጋ በሰከንድ ሜጋ ቢት ነው፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ሜጋ ባይቱን በስምንት ማባዛት ስለሚረሳ ነው ብዙ ሰው «ተጭበረበርኩ» የሚለው።) ስለዚህ ሲመዘገቡ «ወደ ላይ የሚልከው ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሚወርደው ብቻ ሊሆን ይችላል። መላኪያው አሥር የሚደርስበትን ዝቅተኛውን ጥቅል ይውሰዱ፤ የተረፈዎትን ለገመድና ለባትሪ ያድርጉት። በተገጠመ ዕለት ላፕቶፑን በገመድ በቀጥታ መሣሪያው ላይ ሰክተው ይለኩ፤ በዋይፋይ የለኩትን ማንም አይቀበልዎትም። ካነሰብዎ በኋላ ላይ ማሳደግ ቀላል ነው፤ ከማዕከሉ በኮምፒውተር ነው የሚቀየረው፣ ለዚያ ሲባል ማንም ሰው ምሰሶ ላይ አይወጣም።